ፎጣ የተጣለበት ሞኒተር

«አሁንም ሸፈኑት…»

ነርሷ ጥርሷን ነከሰች።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከተመደበች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይኸው ነው። ጡረታቸው የደረሰው ሲስተር ይመጣሉ፣ የበሽተኛውን ግፊትና ኦክስጅን በቁጥር የሚያሳየው ሞኒተር ላይ ፎጣ ጣል ያደርጋሉ፣ ከዚያ በሽተኛሽ እንዴት ነው ብለው ያፋጥጧታል።

ቁጥር ማየት የለም። ፊቱን እዪ… ጉልበቱን ዳሰስ አድርጊ… ከቅድሙ ምን ተለየ?

ከተሳሳተች ደግሞ እንደ አዲስ ከሀ!

እሷም አፏ አያርፍም። ማሽን እያለ መዳበስ ምን የሚሉት ሥራ ነው ስትል ትውላለች። ከኋላቸው «እሜቴ ፎጣ» የሚል ስም ያወጣችላቸውም እሷው ናት።

ማታ ማታ ለእናቷ ታማርራለች። እናትየው ሰልችቷቸው «ታዲያ አትለቂውም?» አሏት።

እውነትም በቃኝ… ክፍል ቀይሩኝ ልትል ቆርጣ መጣች።

የዚያን ቀን ሲስተር የሉም። እፎይ አለች።

ምን ዋጋ አለው… ረፋዱ ላይ ከኦፕራሲዮን ክፍል አልጋ እየተገፋ መጣ። አልጋው ላይ በማደንዘዣ የተኙት እሜቴ ፎጣ ራሳቸው ናቸው። ሆዳቸውን ተከፍተው ነው።

የክፍሉ ኃላፊ «አንቺ ያዣቸው» አለቻት።

ኧረ በሕግ አምላክ… ታመውም አይለቁኝም እንዴ?

ሞኒተሩ ሰላም ነው። ግፊት ደህና፣ ኦክስጅን ደህና። ጓደኛዋ ሻይ እንጠጣ ብላ ጠራቻት።

ልትነሳ ስትል እጇ ፎጣ አነሳ። በራሷ እየተናደደች ሞኒተሩን ሸፈነችው…

ፊታቸው ገርጥቷል። ቅድም ስትረከባቸው ሞቆ የነበረው ጉልበታቸው ቀዝቅዟል።

ሰርጅኑን አስጠራች። መጣ፣ ቁጥሩን አየ፣ ጉልበታቸውን ነካ… «አልጋውን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ግፉ» አለ።

ሆዳቸው ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ቁጥሩ እስኪወርድ ቢጠበቅ ኖሮ አልቆላቸው ነበር።

ዳኑ።

መናገር ሲችሉ የመጀመሪያ ቃላቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

«እጅሽ በረዶ ነው። አሙቀሽ ንኪ ብዬ ስንቴ ልንገርሽ?»

ብግን ብላ ኃላፊዋ ቢሮ ገባች። ይሄ ሁሉ ነርስ እያለ ለምን እኔን ብላ ጠየቀች።

«ራሳቸው ናቸው የመረጡሽ» አለች ኃላፊዋ። «ኦፕራሲዮን ከመግባታቸው በፊት ‹ያቺን ነጭናጫ ስጡኝ› አሉ። ‹እየተነጫነጨችም ቢሆን፣ እኔ ባላያትም ፎጣውን ትጥላለች› አሉ።»

የክፍል ቅየራው ነገር እዚያው ቀረ። ልጅት ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች።

አያችሁ… ማሽን ማንበብ ቶሎ ይለመዳል። ሰው ማንበብ ግን እየተነዘነዙ ነው የሚገባው። የሚነዘንዛችሁ ሁሉ ጠላት አይደለም… አንዳንዱ ነገ የገዛ ነፍሱን አደራ ሊሰጣችሁ እያዘጋጃችሁ ነው።

እስቲ ንገሩን… ያኔ አንገሽግሿችሁ ዛሬ ግን የምታመሰግኑት ነዝናዛ ማነው?