ከመርፌው በኋላ ግማሽ ሰዓት

«ሽንቱ ላይ ጉንዳን ይሰፍራል ይላሉ።»

«ጉንዳን?»

«ጉንዳን። ውሃ ጠጥቶ አይረካ፣ በልቶ አይወፍር። ይሄ ልጅ አዝመራው እስኪገባ አይደርስም።»

ተናኜ ይህን የሰማችው ገና ልጅ ሳለች፣ ከጎተራው ጀርባ ተቀምጣ ነው። አባቷና አንድ እንግዳ ስለ አጎቷ ሲያወሩ። እንግዳው ማን እንደነበር ረስታዋለች። ከዚያ ወዲያ ያሉትንም ድምፃቸውን ዝቅ ስላደረጉት አልሰማችም። አጎቷ ግን እንደተባለው አዝመራው ሳይገባ ሞተ።

ስለዚህ ባለፈው መስከረም ጉንዳኑን በገዛ ጓሮዋ፣ ባሏ በሸኑበት ላይ ስታየው ለማንም አልተናገረችም። ባሏን ቄስ ገብረ ሕይወትን ይዛ ፍኖተ ሰላም ወረደች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ማለዳ ማለዳ የስኳር በሽታ መርፌ አለ። የምትወጋቸው እሷ ናት፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ዳኘው በሎሚ ላይ አለማምዷታል። መድኃኒቱን እንዳይሞቅ እርጥብ አሸዋ በሞላችበት ገንቦ ውስጥ ቀብራ ታኖረዋለች።

አሁን የሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዓመተ ምሕረት ዓቢይ ጾም ገብቷል። ቄስ ገብረ ሕይወት የዚህ ሳምንት ሰሙነኛ ቀዳሽ ስለሆኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አይወጡም። ተናኜ መርፌውን ቀቅላ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በየማለዳው ደጀ ሰላም ድረስ ታመጣለች። ትናንትም አመጣች። ተወጉ። እህል ውሃ ሳይቀምሱ፣ ሲሰግዱ አርፍደው ቅዳሴ ገቡ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን በላብ ተጠምቀው ተዝለፈለፉ፤ ካህናቱ ደግፈው ወደ ውጭ አወጧቸው። ሰዉ ጠበል አምጡ ሲል እሷ ሮጣ ስኳር በጥብጣ አመጣችና አጠጣቻቸው።

ነፍስ ሲዘሩ መጀመሪያ ያወቁት የአፋቸውን ጣፋጭነት ነው፤ ጾማቸው ተሽሯል። ከዚያ በኋላ አላናገሯትም። ዛሬ ደግሞ ክንዳቸውን ከለከሏት።

ዳኘው ተናኜ ትናንት የላከችበትን ሰምቶ በማለዳ ደርሷል። ደጀ ሰላሙ ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጦ ከኮቱ ኪስ አንድ ስስ የፈረንጅ መጽሐፍ አወጣ።

«አንብብልኝ» አሉ ቄሱ። «አንተን ሳይሆን እሱን ልስማው።»

ዳኘው ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ ወደ አማርኛ መለሰው። «መርፌውን የተወጋ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይብላ። ሳይበላ አይቆይ።»

«ሌላስ?»

«በየቀኑ በእግሩ ይንሸራሸር።»

ቄሱ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ይሄን የጻፈው ሰው መኪና አለው። እኔ በእግሬ ሽንዲ ደርሼ ስመለስ ምን ስሠራ ኖሬያለሁ?»

«ተቀምጦ ለሚውል ሰው ነው ያለው፣ አባቴ። ብዙ የሚደክም ሰው ደግሞ ጨምሮ ይብላ ይላል። ስግደቱም ድካም ነው። መርፌው፣ ስግደቱና ባዶ ሆድ ተባብረው ነው የጣሉዎ።»

«ስግደት ይላል?»

«አይልም። እኔ ነኝ ያልሁ።»

«ዓቢይ ጾምስ? ይላል?»

«አይልም፣ አባቴ።»

«እንግዲያ አገራችንን አያውቀውማ።»

«በሽታውን ያውቀዋል» አለ ዳኘው፤ መጽሐፉን ግን ዘጋው።

«መርፌው ወደ ማታ ይዛወርልኝ» አሉ ቄሱ።

«ይሄኛው መድኃኒት ሌሊትም ቀንም ነው የሚሠራ። ማታ ተወግተው በማግስቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾሙ ያው ነው።»

«ሰሙኔ እስኪያልፍ ልተወዋ።»

ዳኘው ወደ ተናኜ ተመለከተ። በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ጥቅሉ ከእጇ አልወረደም።

«አጎቴ እንዲህ ሆኖ ነው የሞተ» አለች። «መድኃኒትም አላገኘ። እርስዎ አግኝተው ነው የሚተዉት።»

«የምትይኝ አልጠፋኝም» አሉ ቄሱ፤ የተናገሩት ግን ወደ ግድግዳው ነው። «ለበሽተኛ ይፈቀዳል። ስንቱን የንስሐ ልጄን ብላ፣ እግዜር አይቀየምህም ብዬ አብልቻለሁ። የበላ ሰው ግን ቀድሶ አያቆርብም። እኔ ከዲቁናዬ ጀምሮ ከመቅደስ ነኝ፣ ተናኜ። ሌላ ሥራ አላውቅም። እንግዲህ ከደጅ ቆሜ ልሰማ?»

ተናኜ ወደ ውጭ ዞረች። በበሩ በኩል የቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች መግቢያ ይታያል፤ ስታስቀድስ የምትደገፍበት ድንጋይ በትከሻዋ ልክ ለስልሷል።

«ከተጋባን ጀምሮ ከደጅ ቆሜ ነው የምሰማዎ» አለች። «ይሰማል።»

ቄሱ ዞረው አዩዋት። ያን ድንጋይ ከዚህ በፊት አይተውት አያውቁም ይሆናል፤ አሁንም እሷን እንጂ ድንጋዩን አላዩም። ውጭ አንድ ሰው ቅጥሩን እየጠረገ ነበር፤ የመጥረጊያው ድምፅ መጥቶ አልፎ ሄደ።

«ለቄስ ይሄይስ ንገሪው» አሉ በመጨረሻ። «ሰሙኑን እሱ ይያዘው።»

«እስከ መቼ ብዬ ልንገራቸው?»

«እስከ መቼ አትበይ። ይያዘው በይ።»

ክንዳቸውን ገልጠው ሰጧት። ስትወጋቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከአገልግሉ ቂጣና ሽሮ አውጥታ ፊታቸው አኖረች። ለረጅም ጊዜ አዩት። ዳኘው ሰዓቱን ሊያይ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው።

ፀሐይ ገና ከዛፎቹ ራስ በታች ነበረች። ቄስ ገብረ ሕይወት ሊታጠቡ ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት።