የደረቁ ጫማዎች

«ወዴት ነው?» አለ ኔቪል።

«ሽንት ቤት። ካላመንከኝ ና፣ አብረን እንግባ።»

ሴድሪክ ኮቱን ወንበሩ ላይ ትቶ በጓሮው ኮሪደር ገባ። ኔቪል ወደ መጠጥ ቤቱ ባለቤት ወደ ግሌንዳ ዞረ።

«የሽንት ቤቱ መስኮት ሰው ያሾልካል?»

«ድመት እንኳ አያሾልክም። ሴድሪክማ በዚያ ቦርጩ!»

ኔቪልና ሴድሪክ በብሪድሊንግተን ወደብ አንዲት የሸርጣን ማጥመጃ ጀልባ በጋራ አላቸው። ኔቪል ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ባይ ነው፤ ባሕሩ የእኛ ነው ይላል። ሴድሪክ ትቆይ ባይ ነው፤ ሸርጣኑን የሚበላው ስፔን ነው ይላል። ክርክሩ ከርሮ ጀልባዋ ላይ ጀርባ ተሰጣጥተው መሥራት ጀመሩ። በመጨረሻ ተማማሉ፦ የአንዱ ድምፅ የሌላውን ስለሚያጠፋ ማንም አይመርጥም፤ ሾልኮ የመረጠ የጀልባ ድርሻውን ያጣል። የሕዝበ ውሳኔውን ቀንም አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ይውላል። ሴድሪክ «እንደ ወትሮው ግሌንዳ ጋ እንሁን» ሲል ኔቪል ሳይከራከር ተስማማ። ከፋሲካ ወዲህ ያለ ጭቅጭቅ የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር ነበር።

በመስኮቱ ማዶ ሁልጊዜ የሚመርጡበት ትምህርት ቤት ይታያል። ሠራተኞች ጣሪያውን ላስቲክ ያለብሳሉ። ዝናቡ ዶፍ ነው። ጎረቤቶች ውሻቸውን በግሌንዳ በር ላይ እያሰሩ፣ እየተንጠባጠቡ ወደ ጓሮ ያልፋሉ፤ ቢራ ሳያዝዙ ይወጣሉ።

«ወለሌን ሐይቅ አደረጉት!» ትላለች ግሌንዳ።

ሴድሪክ ተመለሰ።

«እግርህን አንሳ።»

«ምን?»

«ጫማህን አሳየኝ።»

ሶሉ ደረቅ ነው። ኔቪል እፎይ አለ።

ከምሳ በኋላ ተራው የኔቪል ሆነ።

«ቆየህ» አለ ሴድሪክ።

«ሰባ ዓመቴ ነው። ላንተም አይቀርልህም።»

«እግር!»

የእሱም ደረቅ ነበር።

የምርጫው ሰዓት ሲያበቃ ኔቪል እጁን ዘረጋ። ሴድሪክ ስቦ አቀፈው።

«ጠርጥሬህ ነበር። ይቅር በለኝ።»

«እኔም ጠርጥሬሃለሁ፣ አንተ ሽማግሌ።»

ጎህ ሲቀድ ጀልባዋ ላይ ሊገናኙ ተቀጣጥረው፣ በአንድ ጃንጥላ ተቃቅፈው ወጡ።

ግሌንዳ መጥረጊያዋን ይዛ ወደ ጓሮ ዘለቀች። ከሽንት ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ክፍል በር ላይ «የድምፅ መስጫ ጣቢያ» የሚለውን ወረቀት ላጠችና በሩን ዘጋችው።