የሰው ጣሪያ የምትልጠው ጎረቤት

"አንቺ ሴትዮ! ከጣሪያዬ ላይ ውረጂ!"

ቬልዳ አልወረደችም።

ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ዝናብ ላይ ተንበርክካ፣ ጎረቤቷ ሃርላን ሲለጥፍ የከረመውን ነጭ ፕላስተር በቢላ እየላጠች ወደ መሬት ትጥላለች…

"ሰክረሻል ወይስ አብደሻል?"

"ሁለቱንም ብሆን ይሻልህ ነበር" አለችው።

ይህ የሆነው እኛው ካምፕ ውስጥ ነው። አሜሪካ፣ ኦሪገን፣ ባሕሩ ዳር፣ ክረምቱን ሙሉ በሚዘንብበት።

እዚህ ሰው የሚኖረው መኪና በሚጎትተው ቤት ውስጥ ነው። የወንድ ክብር ደግሞ የሚለካው በጣሪያው ነው። ጣሪያው የሚያፈስ ሰው፣ ማታ ሁሉም እሳት ሲሞቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው።

የሃርላን ጣሪያ ያፈስ ነበር…

ውሃው የሚገባው ከፍሪጁ በላይ ባለው መተንፈሻ ጠርዝ ነው። ፍሪጁ የሚሠራው በጋዝ ነው፤ የተቃጠለው አየር የሚወጣውም በዚያው መተንፈሻ ነው።

ሃርላን ጠርዙን ሲሊከን የሚባለውን ማሸጊያ ቀባው። አፈሰሰ።

በላዩ ላይ ደገመው። አሁንም አፈሰሰ።

አሮጌውን ልጦ፣ አጽድቶ፣ እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት። እሱ ግን ይህን እንደ ሽንፈት ቆጠረው።

በመጨረሻ መተንፈሻውን እንዳለ በላስቲክ ጠቅልሎ በፕላስተር አሸገው። ነፋሱ ዝናቡን በጎን ሲያስገባበት የጎኑንም ደፈነ።

ጠብታው ቆመ።

"አየሽ ኢርማ? ባልሽ እኮ መሐንዲስ መሆን ነበረበት!"

"መሐንዲሱ… እኔ ራሴን እያመመኝ ነው" አለች ሚስቱ።

ጉንፋን ነው ተባለ። እሱንም ያቅለሸልሸው ነበር፤ ግን ቀኑን ደጅ ስለሚውል ከቁም ነገር አልጣፈውም።

ፍሪጁ ውስጥ ያለው ወተት መበላሸት ጀመረ…

ውሻቸው ቤት አልገባም አለ። በሩ ተከፍቶለት ዝናብ ላይ ይተኛል።

"አርጅቶ ነው" አለ ሃርላን።

ግድግዳው ላይ ያለው የጋዝ ማንቂያ መጮህ ሲጀምር ደግሞ "እርጥበት ገብቶበት ነው" ብሎ ነቀለው። በእሱ ብቻ አትፍረዱ፤ ካምፑ ውስጥ ያልነቀለው የለም። ሥጋ ሲጠበስ ይጮሃል፣ የፀጉር ስፕሬይ ሲነፋ ይጮሃል… ሰው ሲሰለቸው ይነቅለዋል።

ቬልዳ አጠገባቸው ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ብዙ አታወራም። ጣሪያው ላይ ከመውጣቷ በፊት በሩን አንኳኩታ ነግራው ነበር።

"ያ መተንፈሻ የፍሪጁ ነው። ክፈተው።"

"ውሃውን አንቺ ትጠጪልኛለሽ?"

"ባልዲ አድርግበት።"

"ሴትዮ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቤት ስጎትት የኖርኩ ሰው ነኝ። ምን አውቀሽ ነው አንቺ?"



ከዚያ ነው መሰላሏን ይዛ የመጣችው።

ሃርላን ያን ቀን ከጣሪያው ካስወረዳት በኋላ መተንፈሻውን ደርቦ አሸገው። ቀጥሎም ወደ ካምፑ ኃላፊ ሄደ። ኃላፊው ጠብ የማይወድ ሰው ነው፤ ጠብ የማይወዱ ሰዎች እንደሚያደርጉት ቀድሞ ለጮኸው ፈረደ።

"ቬልዳ፣ ይቅርታ… ነገ ቦታውን ይልቀቁልን።"

በማግስቱ ቬልዳ ቤቷን ከመኪናዋ ጋር ስታያይዝ ሃርላን ደጅ ቆሞ ይሸኛት ነበር።

"መሰላልሽን እንዳትረሺ!"

"ኢርማ የት አለች?"

"ተኝታለች።"

"በዚህ ሰዓት?"

"ጉንፋኑ አድክሟት ነው። ብቀሰቅሳት እንኳ አልሰማችኝም… ፊቷም ቀላ ብሎ አምሮባታል።"

ቬልዳ በእጇ የያዘችውን ሰንሰለት ለቀቀችው።

በዚያ ዕድሜ ሰው እንዲያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም።

በሩን በረገደችው። ኢርማን በብብቷ ይዛ እየጎተተች እርጥቡ ሣር ላይ አወጣቻት። ሃርላን ከኋላዋ ትከሻዋን በቡጢ ይደበድባታል…

"ሚስቴን ልቀቂ! ሰው ጥሩልኝ! ሚስቴን ልትገድላት ነው!"

ተደውሎላቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ። አንደኛው የጋዝ መለኪያ ይዞ ወደ ቤቱ አንድ እግሩን ሲያስገባ መለኪያው ጮኸ። ወዲያው ወደ ኋላ ተመለሰ።

"ማን ነው ያወጣት?"

ሃርላን እጁን አጣጥፎ ብብቱ ውስጥ ደበቀው።

"ቤቱ ሽታ በሌለው መርዝ፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ ተሞልቷል። ትንሽ ቆይታችሁ ቢሆን ሬሳ ነበር የምናወጣው።"

ኢርማ ኦክስጅን ተደርጎላት ዓይኗን ገለጠች። ያን ጊዜ ሃርላን ቀስ ብሎ ወደ ቬልዳ ተጠጋ።

"እንዴት አወቅሽ?"



"ባሌም እንዲሁ ቀልቶ ነበር" አለችው። "አምሮበታል ብዬ ብርድ ልብስ ደርቤለት ገበያ ሄድኩ።"

"የእናንተም ጣሪያ…?"

"የደፈንኩት እኔ ነኝ። እሱ ከፍታ ይፈራ ነበር። ደግሞ ጎበዝ ነበርኩ ሃርላን… አንዲት ጠብታ አላስገባም።"

"ታዲያ የባልሽን ነገር ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?"

"እስከ ዛሬ ለማንም ነግሬ አላውቅም።"

ኃላፊው ይቅርታ ጠይቆ እንድትቆይ ለመናት። ሃርላንም ለመናት። እሷ ግን ሰንሰለቱን ከመሬት አነሳች፣ ቤቷን አያያዘች፣ ሄደች…

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ሲያስጠነቅቀን "ምን አውቀህ ነው?" ማለት ይቀናናል። አንዳንድ ሰው ግን የሚያውቀውን ያወቀው፣ ሊያወራው በማይችለው መንገድ ነው።

ማስረጃ አምጣ ብለን ከመጮኻችን በፊት ቀዳዳውን ከፍተን ብናይ ምን ይጎድልብናል? ቢበዛ ወለሉ ይረጥባል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ…

ቬልዳ ምስጢሯን ገና በሩን ባንኳኳች ቀን ማውጣት ነበረባት? ወይስ እንዲህ ያለ ነገር ሳይነገረውም ሃርላን ሊሰማት ይገባ ነበር?