የፊተኛው ፉርጎ

«ማን ሞቶባቸው ነው?» አለች እናቷ፣ ጸጥ ያለውን ባቡር እያየች።

«ማንም አልሞተም፣ እማዬ። እዚህ ባቡር ውስጥ አይወራም።»

«እና ስንሳፈር ፊተኛው ፉርጎ ውስጥ ያየናት አሮጊት ብቻዋን ተቀምጣ እኔ ዳቦዬን ልግመጥ?»

እናቷ ድፎዋን ታቅፋ ወደ ፊተኛው ፉርጎ ሄደች። ልጅቷ አፍራ ቀረች። አውሮፓን ያለ አስጎብኚ ስለ መዞር ያገኘችውን ምክር ሁሉ አንብባ፣ የሁለቱንም ፓስፖርት፣ ትኬትና ስልክ በራሷ ቦርሳ ይዛ ነበር።

አንድ ጣቢያ ላይ ድምፅ ማጉያው በማታውቀው ቋንቋ ብዙ ተናገረ። እናቷን ልትጠራ ብትሄድ የፉርጎዎቹ መገናኛ በር ተቆልፏል። በመስታወቱ አየች። ባቡሩ ለሁለት ተከፍሎ ፊተኛው ግማሽ እየራቀ ነው፤ እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ዳቦ ትቆርሳለች።

ወደ መውረጃው ሮጠች። እሱም ተዘግቷል።

የእሷ ግማሽ በሌላ ሐዲድ ወደ ሌላ አገር ጉዞ ጀመረ።