የመጀመሪያው መንገደኛ

የድንበር ኬላው ኃላፊ ስድስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ጽፎ ያገኘው በጀት ለአንድ በር ብቻ በቃ። አሮጌውን በር አፈረሰና በዚያው ድንጋይ አዲሱን አሠራ። በምረቃው ዕለት ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጡት እንግዳ ሪባኑን እስኪቆርጡ ማንም እንዳያልፍ አዘዘ። ለመጀመሪያው መንገደኛ የሚሰጥ እቅፍ አበባ ሳይቀር ከከተማ አስመጥቷል።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አራት ሰዎች ከድንበሩ ማዶ አንዲት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው መጡ።

«ጌታዬ፣ ባለቤቴ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው» አለ ከፊት የተሸከመው። «ጤና ጣቢያው ያውና፣ ከዚህ ይታያል። በሩን ይክፈቱልንና በሪባኑ ሥር ዝቅ ብለን እንለፍ።»

«ቢበጠስ ሌላ መግዣ በጀት የለኝም» አለ ኃላፊው። ክፉ መባልን ግን አይወድምና ድምፁን አለሰለሰ። «እንግዳው መንገድ ላይ ናቸው፤ አሁን ይደርሳሉ። ደግሞስ ታድላችኋል፤ መጀመሪያ የምታልፉት እናንተ ናችሁ።»

ሴትየዋ ስትጮህ አረፈደች። ምሳ ሰዓት ላይ ዝም ስትል ኃላፊው «ተመስገን፣ ቀለል አላት» አለ።

እንግዳው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከካሜራ ባለሙያ ጋር ደረሱ። ሪባኑ ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። አራቱ ሰዎች ቃሬዛውን አነሱና ፊታቸውን ወደ መጡበት አዞሩ። ሴትየዋ እስከ አናቷ በነጠላ ተሸፍናለች።

እንግዳው አበባውን እንደያዙ ወደ ካሜራው፣ ከዚያም ወደ ኃላፊው ዞሩ።

«ጥራቸው እንጂ፤ አበባውን ሳይቀበሉ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

ኃላፊው ጠራቸው።