ባለ ጢሙ አይሪስ

ጎረቤቷ አልጣሽ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «እህቴ፣ ከዚያ ከባለ ጢሙ አይሪስ አበባሽ አንድ ሥር ብትሰጪኝ?» ስትላት፣ በናሆም እናት ሆድ ውስጥ የተኛው ቂም ብድግ አለ። የልጇ የናሆም ቀብር ላይ ድርሽ ያላለች ሴት፣ ዛሬ ደግሞ አበባ አማራት!

አይሪስ ሥሩ እንደ ዝንጅብል ከአፈር ላይ ተጋድሞ ጀርባውን ፀሐይ ካልሞቀው እንደማያብብ አሳምራ ታውቃለች። ቢሆንም ትልቁን ሥር ነቅላ በፈገግታ ሰጠቻትና «አንድ ክንድ አጥልቀሽ ቅበሪው፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ አይለየው» አለቻት። በልቧ ግን «ይበስብስልሽ!» አለች።

ከዚያ ወዲያ አልጣሽ በማለዳ ጀሪካን ተሸክማ ስትወጣ ባየች ቁጥር አንጀቷ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ወዴት እንደምትሄድ ግን ጠይቃት አታውቅም።

በልጇ ሙት ዓመት ቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ስትደርስ፣ አልጣሽ በናሆም መቃብር ላይ ተንበርክካ የረጠበውን ባዶ አፈር ትዳብሳለች።

«ልጅሽን ሳልቀብር ቀርቼ ይቅርታ ልልሽም አፍሬ ነበር» አለቻት እንባዋ እየወረደ። «ለዛሬ አብቦ እንድታዪው ብዬ ነበር። እንዳልሽኝ አጥልቄ ቀበርኩት፤ ውሃም አንድ ቀን አላስታጎልኩበት። ምን አጉድዬበት ይሆን?»