ድምጿን ስትሰሙ ግቡ

«የእናቲቱን ድምፅ ስትሰሙ ግቡ። ከዚያ በፊት ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አሉ ቄስ ይሄይስ፣ ከአጥሩ ውጭ ለተሰበሰቡት ሴቶች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከባሕር ዛፉ ሥር ኩርምት ብለዋል። ቄሱ ከአያ እጅጉና ከእድሩ ዳኛ ከገብረ ሕይወት ጋር የእንዳለውን በር ገፋ አድርገው ገቡ።

መርዶ በማለዳ ነው የሚነገር። የእንዳለው ልጅ ትሕትና ትናንት ማምሻውን ከቡሬ ወደ ቤቷ ስትመጣ የተሳፈረችበት መኪና ተገልብጦ ሞታለች። አስከሬኗ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ መንገድ ላይ ነው። ወሬውን ለቄሱ ያደረሰው ሌሊት በእግሩ የመጣ ሰው ነው፤ ኔትወርክ ከጠፋ ስለሰነበተ አባትና እናቷ የሰሙት ነገር የለም። መኪናው ሳይደርስ መናገር ደግሞ የንስሐ አባት ዕዳ ነው። በሰማንያ ቀኗ ያጠመቋትም እሳቸው ነበሩ።

እንዳለው በሬዎቹን ሊጠምድ ቀንበር ተሸክሞ ነበር። ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች በማለዳ ግቢው ውስጥ ሲያይ ቀንበሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ፊቱ በራ።

«ንግሥቴ፣ ኧረ መቀመጫ አምጪ። እንግዶች መጥተዋል» አለ ሚስቱን፣ ወደ ቤት ዞሮ። መስቀል ተሳለመ። «ዛሬስ እርሻውም ይቅር።»

ቄስ ይሄይስ ያን ጊዜ ነው የገባቸው። ዳግም ትንሣኤ አልፏል፤ የሠርግ ወራት ነው። አንድ የፍኖተ ሰላም መምህር ትሕትናን ሊጠይቅ ሽማግሌ እንደሚልክ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እሷም ከቡሬ ስፌት ቤቷ ፈቃድ ጠይቃ የተነሳችው ለዚሁ ነበር። ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌም፣ መርዶ የሚያረዳ ሽማግሌም የሚመጣው በዚሁ ሰዓት፣ በዚሁ አለባበስ ነው። ይህን ቀድመው ባለማሰባቸው ራሳቸውን ረገሙ።

«ዝናቡስ እንዴት ነው?» አሉ። መቀመጫው ሳይመጣ ሦስቱም ደጁ ላይ ካለው መደብ ተቀመጡ።

«ተዉት አባቴ። ሰከላ በኩል ሲያጉረመርም ያድርና እኛ ዘንድ ሲደርስ አቧራ አርጥቦ ይሄዳል።»

«በልጉ ዘንድሮ ሰነፈ» አሉ አያ እጅጉ መሬት መሬቱን እያዩ።

«ማዳበሪያውም እንዲያው ነው። ዛሬ መጣ ይሉናል፣ ነገ መንገድ ተዘጋ ይሉናል።»

«አዴት ላይ በረዶ ጣለ አሉ» አለ ገብረ ሕይወት። «የእንቁላል ያህል ነው የሚሉት።»

«የዶሮ ነው የሰጎን?» ብሎ እንዳለው ሳቀ።

ሳቁ ቄሱን አንጀታቸውን በላው። ጎጃም ውስጥ ሽማግሌ ጉዳዩን በቀጥታ ከተናገረ ወይ ሰክሯል ወይ ንቋል። እንዳለውም ወሬው በተንዛዛ ቁጥር የተከበረ መሰለው፤ ጋቢውን እያስተካከለ ተመቻችቶ ተቀመጠ። «ሽማግሌ ነገሩን ከሰማይ ጀምሮ ነው የሚያወርደው» አለ። «አውርዱት። እኔ አልቸኩልም።»

እነሱም አልቸኮሉም። ስለ በርበሬ ችግኝ አወሩ። ፈረስ ቤት ከተማ መንታ ስለወለደች በቅሎ አወሩ፤ በቅሎ አትወልድም ተብሎ ተከራከሩ። ቄስ ይሄይስ ወሬው እንዳያልቅ ፈሩ። ስለ ዝናብና ስለ በቅሎ እስካወሩ ድረስ በዚህ ግቢ ትሕትና አልሞተችም።

ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል የዶማ ድምፅ መጣ።

«በጠዋት ምን ይቆፍራሉ?» አለ እንዳለው።

«አጥር ሊያጥሩ ይሆናል» አለ ገብረ ሕይወት። እንዲቆፍሩ ያዘዘው ራሱ ነው።

ይኼን ጊዜ ንግሥቴ ከቤት ወጥታ ምሰሶውን ተደግፋ ቆመች። ቤት የቆየችው ልብስ ስትቀይር ነበር፤ ትሕትና ለፋሲካ ሰፍታ የላከችላትን ቀሚስ ለብሳለች። የአንገቱ ጥልፍ አረንጓዴ ነው። ቄስ ይሄይስ ያን ጥልፍ ሲያዩ ከዚህ በላይ መቀመጥ ኃጢአት መሰላቸው። መስቀላቸውን ጨብጠው ተነሱ። ሁለቱም ተከትለዋቸው ተነሱ።

ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌም ጉዳዩን የሚናገረው ተነስቶ፣ ቆሞ ነው።

«እንዳለው፣ ልጄ» አሉ። «የመጣነው በትሕትና ጉዳይ ነው።»

«ተቀመጡ አባቴ» አለ እንዳለው፣ እሱም ተነስቶ። «ሌላ ሰው ቢሆን ሦስቴ አመላልሰው ነበር። እርስዎ ግን ባጠመቋት ልጅ ቁመው አይለምኑኝም።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ሰጥቻለሁ። ልጄን ሰጥቻችኋለሁ።»

ቄስ ይሄይስ አፋቸውን ከፈቱ።

ንግሥቴ ቀደመቻቸው። እጇን ወደ አፏ አስጠግታ እልል አለች። ልጇ ከተወለደች ጀምሮ ለዚህ ቀን ያስቀመጠችው እልልታ ነበር፤ ቀጭን፣ የጠራ፣ አጥሩን አልፎ የሚሄድ።

ሴቶቹ የተባሉትን አደረጉ። ሌሊቱን ሙሉ ያፈኑት ለቅሶ የእናቲቱን ድምፅ ብቻ ሲጠብቅ ነበርና ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ ለመለየት የቆመ የለም። በሩ ተበረገደ። ደረታቸውን እየደቁ፣ ትሕትናን በስሟ እየጠሩ ገቡ።

ከፊት የነበረችው የንግሥቴ ጎረቤት እህተ ማርያም ብቻ ግቢው መሃል ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

ንግሥቴ የተዘቀዘቁትን ነጠላዎች አየች። ቄሱን አየች። እጇ ግን አፏ ላይ እንዳለ ነው፤ እልልታው ገና ከጉሮሮዋ እየወጣ ነበር፣ እንዴት እንደሚቆም ጠፍቶባት።